የእናቴ ጓሮና የእኔ ምድጃ

ግንቦት፣ ሐሙስ

ከሰል ካቆምኩ ዓመት ሞላኝ። ከእኔ በቀር ያስታወሰ የለም፤ ራሴው ለቢሮው ሰው ሁሉ አወራሁት። ስለ ደን ጥበቃ በተሰጠ ሥልጠና ተካፍዬ ቆብ ተሸልሜ ከመጣሁ ወዲህ «ከሰል ማለት የተቃጠለ ዛፍ ነው» ማለት አይሰለቸኝም። የእኔ ምድጃ በኩበት ነው። ኩበቱን እማዬ ከገጠር፣ ከጋፋት በጆንያ ሞልታ በባጃጅ ትልክልኛለች። ቤቱ ይጨሳል፣ ዓይኔ ይቀላል፣ ግን በእኔ ሰበብ አንድ ዛፍ አልተቆረጠም።

ዛሬ አጠገቤ የምትቀመጠው ዘውዴ «እናትሽ ለእኔም ይላኩልኝ እስቲ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሰው አሳመንኩ ማለት ነው።

ዓርብ

ለእማዬ ደወልኩ። ለዘውዴም አንድ ጆንያ እንድትልክ ነገርኳት። «እሺ ልጄ፣ እንዳልሽ» አለች። እማዬ ሳትከራከር እሺ የምትል ሰው አይደለችም። ነገ ሄጄ ላያት ነው። የምይዝላት፦ ስኳር፣ ሳሙና፣ የወገቧን ቅባት።

ቅዳሜ

ጋፋት ደርሼ መጣሁ። ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን እንጃ።

የጓሮው ድንች ገና አልተተከለም። እማዬ ክረምቱን የምትሻገረው በዚያ ድንች ነው፤ እህሉ እስኪደርስ ሌላ የላትም። አምና የወጣው የዶሮ እንቁላል አያክልም ነበር አሉ፤ ለእኔ ግን የነገረኝ የለም። አፈሩን ብዘግነው ነጥቷል፣ በጣቶቼ መሃል እንደ ዱቄት ፈሰሰ። እበቱ በስብሶ ማዳበሪያ የሚሆንበት የፍጉ ጉድጓድ ባዶ ነው፤ ዶሮዎች ይጭሩበታል።

«ፍጉ የታለ?» አልኩት ታናሽ ወንድሜን ደሳለውን።

«ያንቺ ምድጃ ውስጥ» አለኝ። ሲቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልሳቀም።

ለካ እማዬ ጠዋት ጠዋት የከብቶቹን እበት ሁሉ ለቅማ ለእኔ ትጠፈጥፋለች። ለጓሮው የሚተርፍ የለም። ለራሷ የምታነደው እንኳ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ዛፍ አዳንኩ ብዬ ስኩራራ የእናቴን መሬት ነው ያነደድኩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «ከተማ ላለ ልጅ ከገጠር ምን ይላካል? ያለኝ እሱ ነው» አለች። አለቀስኩ። እሷ ጆንያ ልትሞላ ተነሣች። አልወስድም አልኩ። ተኳርፈን ተለያየን።

እሑድ

መብራት የለም። ቆሎ በላሁ። ከሰል ልግዛ ብዬ ወጣሁና ከበሩ ተመለስኩ። እማዬ አልደወለችም። እኔም።

ሰኞ

ለዘውዴ ኩበቱ እንደማይመጣ ነገርኳት፤ ለምን እንደሆነም። እንደ ፈራሁት አልሳቀችብኝም። «እኔ እኮ እበት የሚጣል ነገር መስሎኝ» አለች። እሷስ የከተማ ልጅ ናት፤ እኔ እበት እየዛቅሁ ያደግሁት ምን ነካኝ?

ማክሰኞ

ዓመት ሙሉ ከቤት ጀርባ የደፋሁትን አመድ ከሥራ መልስ በጆንያ ሞልቼ ጋፋት ወሰድኩት። ባለባጃጁ «አመድ ተከፍሎበት ሲጫን ዛሬ አየሁ» አለ። ይበል።

ደሳለው «ለአፈሩ የፍግን ያህል አይሆንም፣ ከምንም ግን ይሻላል» አለ። የዛሬው እበት ጉድጓድ ገብቷል፣ አይቻለሁ። ለዘንድሮው ተከላ ግን አይደርስም።

እማዬ ጆንያውን ፈትታ ስታይ «እበት ወስደሽ አመድ መለስሽልኝ?» ብላ ሳቀች። ኩርፊያው በዚያው አለቀ። አመዱን በእጇ እየበተነች «ወጥሽንስ በምን ልትሠሪ ነው?» አለችኝ።

«በመብራት።»

«መብራት መቼ አለና?»

ጎንበስ ብዬ አብሬያት በተንኩ።