የአባትሽን ሰዓት የሰበርኩት እኔ ነኝ

የሺዬ፣ የልጆቼ እናት፣ ከተለየሽኝ አሥር ወር ሊሞላው ነው። ነፍስሽን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልኝ።

ቤቱ ደህና ነው። የአጥሩን ቀርከሃ ምስጥ ስለበላው ግማሹን ቀየርኩት። ማንጎሽ ዘንድሮ ብዙ አፈራ፤ የሚለቅመው ጠፍቶ የወፍ ሲሳይ ሆነ። ልጆቹ በስልክ ይጠይቁኛል። ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናው ነገር ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው።

የአባትሽን የኪስ ሰዓት አሠራሁት። አሶሳ ገበያ ውስጥ ሙያውን ሱዳን ድንበር ላይ ኩርሙክ የተማሩ አንድ የበርታ ሽማግሌ አሉ፤ እሳቸው ጋ ወሰድኩት። የመሙያውን ቀጭን ዘንግ ስባሪ በወረንጦ አወጡና፣ ከሌላ አሮጌ ሰዓት የነቀሉትን እየሞረዱ ሁለት ቀን ለፍተው ገጠሙለት። ስባሪውን መዳፋቸው ላይ አድርገው፣ "ወላሂ ወንድሜ፣ ይሄ ሲሞላ አልተሰበረም። ወደ ውጭ ተስቦ፣ ወደ ጎን ተጣሞ ነው። ሌባ ነው እንዴ የነካው?" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሌባው እኔ ነበርኩ፣ የሺዬ።

ሰዓቱ በተሰበረበት ዓመት በዐቢይ ጾም፣ የመጋቢት ፀሐይ እያቃጠለኝ ቀርከሃ ስቆርጥ አርፍጄ ርቦኝ ገባሁ። አንቺ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አታቀርቢም፤ የምታምኚውም የአባትሽን ሰዓት ብቻ ነው። ገና ሰባት ተኩል ነበር። አንቺ ውኃ ልትቀጂ ስትወጪ መሙያውን ሳብኩና ጠቋሚውን ዘጠኝ ላይ አደረስኩት። ስልኬንም አጠፋሁ፤ ባትሪ ጨርሷል ልልሽ። የእግርሽን ኮቴ ስሰማ የሳብኩትን መሙያ በድንጋጤ ልመልሰው ስጫነው ወደ ጎን ተጣሞ ቀጭ አለ። የመሙያውን ጉጥ እንደ ነገሩ ሰክቼ ሰዓቱን ከሣጥኑ ላይ መለስኩት። መጣሽና አየሽው። "ዛሬስ ቀኑ እንዴት ሮጠ!" አልሽና አቀረብሽ። በላን። በሕይወትሽ ጾም ሽረሽ አታውቂም፤ እኔ ሳታውቂው አስገደፍኩሽ።

በማግስቱ ጸሎትሽን አድርሰሽ ልትሞዪው ስትነኪው ጉጡ እጅሽ ላይ ቀረ። "ወይኔ አባቴን!" ብለሽ የጮኽሽው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አባትሽ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ ከብርድ ልብሳቸው በቀር የያዙት ያን ሰዓት ብቻ እንደነበር አውቃለሁ። እኔ ግን "አይዞሽ፣ ያረጀ ዕቃ ነው" አልኩሽ። ያጽናናሁሽ መስሎኝ!

ወንድምሽ ጋሻው የአባቴን ቅርስ ሰበረች ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጃችንን አልረገጠም። አንቺ እጄ ክፉ ነው እያልሽ የሰው ዕቃ መንካት ፈራሽ። ታመሽ ተኝተሽ እንኳ ሲመጣ ይቅር በለኝ አልሽው። እኔ አልጋሽ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር። ዝም አልኩ። ለንስሐ አባቴም ያን አልነገርኳቸውም፤ ሌላ ሌላውን እየነገርኩ እሱን ዘለልኩት።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰዓቱን ይዤ ባምባሲ ጋሻው ቤት ሄድኩ። ጉዱን ሁሉ ነገርኩት። ይመታኛል ብዬ ነበር። ራሱን ያዘና፣ "ይቅር በለኝ ስትለኝ እኮ እሺ አላልኳትም" አለኝ። አለቀሰ። ቀጥሎ ሰዓቱን መለሰልኝና፣ "እኔ እኅቴን ያማኋት ለአገር ሁሉ ነው። አንተም ለእኔ ብቻ ነግረህ አትገላገልም" አለኝ።

እውነቱን ነው። የሙት ዓመትሽ ሲደርስ ዘመድ ጎረቤቱ ይሰበሰባል። ካህናቱ ፍትሐቱን እንደጨረሱ፣ ሰው ወደ ማዕድ ሳይቀርብ፣ ተነሥቼ እንዲህ እንደጻፍኩልሽ እናገራለሁ። ጋሻውም አጠገቤ እቆማለሁ ብሏል። እስከዚያ ማታና ጠዋት ስምሽን ስጠራ ያደረግሁብሽንም አብሬ እጠራለሁ፤ እንዳልረሳው። የዚያን ቀን ጉልበቴ ቢከዳኝ እንኳ ተቀምጬም ቢሆን እናገረዋለሁ፣ የሺዬ።