አባትህ ሱቁን ዘግቶ ያስደነሰኝ ሸክላ

ልጄ ሰላምአብ፣ እመብርሃን በሄድክበት ሁሉ ትቅደምልህ፤ ብርዱም አይጠናብህ። ሶዶ ዝናቡ አላባራም። የጓሮው አቮካዶ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል፤ የሚበላው ግን ለቅሶ ደራሽ ብቻ ነው። አባትህ ከተቀበረ ወዲህ ከግቢ አልወጣሁም። አክስትህ እትዬ ጣፈጠች "ብቻዋን አትሆንም" ብለው አልጋቸውን ከአልጋዬ አጠገብ ዘርግተዋል። ደግ ናቸው፤ እኔ ግን መተንፈሻ አጣሁ። በስልክ እንዳልነግርህ ከጎኔ አይነሱም፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደ አንተ አገር ለሚመጣው ለጎረቤታችን ለፍቅረማርያም ሰጠሁት።

ያን የዲስኮ ሸክላ ከየት አገኘኸው? አባትህ ልብስ ሰፊ ሳለ፣ የጀመረውን ቤልቦተም ሱሪ ወዲያ ጥሎ፣ የሱቁን በር ዘግቶ በእሱ ያስደንሰኝ ነበር። ለሰርግ ብለው ወደ ቦምቤ የወሰዱት ሰዎች ሳይመልሱት ቀሩ፤ ሻንቶ ገበያ በወጣ ቁጥር ሲጠይቅ ሲጠይቅ ሞተ። በቴሌግራም የላክኸውን ስከፍት፣ ከበሮው ገና መምታት ሲጀምር እትዬ "በሐዘን ቤት ዘፈን!" ብለው ስልኩን ነጠቁኝና አጠፉት። እስከ ሙት ዓመቱ አይሆንም አሉ። ሰው በመጣ ቁጥር አለቅሳለሁ፤ ግን አይወጣልኝም ልጄ።

እባክህ፣ እሁድ ስትደውል ምንም አታውራ። ሸክላውን ከፍተህ ስልኩን አጠገቡ አስቀምጥልኝ። እኔ "እሺ ልጄ፣ እሺ" እያልኩ እሰማዋለሁ። ሳለቅስ ቢያዩኝ የአንተ ናፍቆት ይመስላቸዋል።

ወልደህ ለመሳም ያብቃህ። እግሬን ደግሞ ሲወዛወዝ እንዳያዩብኝ በጋቢ እሸፍነዋለሁ።

እናትህ