ድምፅ የላቸውም ተብለው ስለተፈረደባቸው ፊልሞች

ለክቡር አቶ ዊሩት፣
የከተማችን የባህል ማዕከል ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በፍጹም ጤንነት፣ በደረቀ ሸሚዝና ከማይቋረጥ የአየር ማቀዝቀዣ ሥር እንዲያገኝዎት እመኛለሁ። እኛ ከማዕከልዎ በታች በወንዙ ዳር የምንኖረውም ዝናቡና ትንኙ አልለየን አለ እንጂ፣ በእርስዎ አሳቢነት ደኅና ነን።

እኔ የፊልም ሊቅ አይደለሁም፤ የተማርኩት የውኃ ምህንድስና ነው። ሐኪሜ የደም ግፊቴን ለክቶ «ጋዜጣውን ተወውና የሚያዝናና ነገር ተመልከት» ስላለኝ፣ በማዕከልዎ ቁም ሣጥን የተደረደሩትን የድሮ የታይላንድ ፊልሞች ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተዋስኩ የማይ ተራ ተመልካች ነኝ። ይህን ሀብት ለሕዝብ ስለከፈቱ ከልብ አመሰግናለሁ። ግፊቴ ግን ብሶበታል፤ ምክንያቶቹን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የማዕከሉ ማኅተም በምስሉ መሐል፣ ከፊልሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲታይ መደረጉ ሌቦችን በእጅጉ እንዳስፈራ አልጠራጠርም። ተዋናይቷ ስታለቅስ የማየው ማኅተሙን ነው፤ ስትስቅም ማኅተሙን። በዘመኗ ቆንጆ ነበረች ይባላል፤ ማኅተሙ እስካረጋገጠ ድረስ እኔም አምናለሁ።

ሁለተኛ፦ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ስደርስ «ድምፁ የተበላሸ» የሚል ቀይ ወረቀት የተለጠፈባቸው ሲዲዎች አገኘሁ። ሠራተኛዎን ብጠይቀው «ጋሼ፣ ቴሌቪዥንዎን ከፍ አድርገው ይሞክሩት» ብሎ በሙያው ረድቶኛል። ክቡርነትዎ፣ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። እነዚህ ፊልሞች የተቀረጹት ያለ ድምፅ ነው። ለተዋናዮቹ ድምፅ የሚሰጠው ሰው በየትርኢቱ ማይክሮፎኑን ይዞ ከማሳያው ማሽን አጠገብ ይቀመጥና ጀግናውንም፣ ፍቅረኛውንም፣ ሽፍታውንም፣ ካስፈለገ ውሻውንም ሆኖ ብቻውን ይናገር ነበር። ይህን በእኔ ዕድሜ ያለ የከተማችን ሰው ሁሉ ያውቃል። እርስዎ ደግሞ ታላቄ ስለሆኑ፣ ያኔ ፊልም ይታይበት በነበረው በገዳሙ ግቢ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ያደጉ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ያኔም ስብሰባ ላይ ነበሩ።

እንግዲህ «ከተበላሹት» አንዱን፣ በሁለት ሲዲ የተከፈለውን የወንዝ ሽፍታ ታሪክ፣ የመጀመሪያውን ክፍል ይዤ ቤቴ ገባሁ። አማቴ እማማ ቡዋቶንግ ገና የሽፍታውን ጀልባ እንዳዩ የሩዝ ወፍጮ ባለቤቱን ሴት ልጅ ድምፅ ያዙ። ጎረቤታችን ጡረተኛው ፀጉር አስተካካይ አጎት ታዊ ሽፍታው ሆነ፤ ባለቤቴ ራቻኒ ፖሊሱን ወሰደች።

«አንቺ ልጅ፣ በእግርሽ ጀልባዬ ላይ ትወጫለሽ ወይስ ልሸከምሽ?» አለ አጎት ታዊ፣ ድምፁን አወፍሮ።

«ትናንት ወገቤን ብለህ ስትጮህ ያደርክ ሰውዬ ምን ልትሸከም!» አሉት አማቴ።

«ኧረ ከፊልሙ አትውጡ!» ብትል ባለቤቴ ማን ሰምቷት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ሲዲ ስንደግም፣ ሠፈሩ የተጠበሰ ዓሣና ሩዙን በቅርጫት ይዞ መጥቶ ደጃፋችንን ሞላው። በማዕከልዎ የባህል ቀን ከተገኙት እንግዶች ይበልጡ ነበር ብል ድፍረት እንዳይሆንብኝ።

ሦስተኛውና ለመጻፍ ያነሣሣኝ ጉዳይ ይህ ነው። አማቴ ይህን ፊልም በልጅነታቸው በገዳሙ ግቢ አይተውት ነበር። ሽፍታው በልጅቷ አባት ላይ ጠመንጃ እንደደገነ ዶፍ ዝናብ ወረደ፤ ድምፅ ሰጪው ማይክሮፎኑን በሸሚዙ ሸፍኖ ሮጠ፤ ፊልሙም ተመልሶ አልመጣም። እነሆ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ የተዋስነው ሲዲም እዚያው ላይ ስለሚያበቃ ጠመንጃው እስከ ዛሬ እንደተደገነ ነው።

ሁለተኛውን ክፍል ልዋስ ስመጣ፣ ቀይ ወረቀት ያላቸው ሁሉ ለጀልባ ውድድር ዋንጫዎችዎ ቦታ ለመልቀቅ በወሩ መጨረሻ እንደሚቃጠሉ፣ እስከዚያም «የሚወገድ ንብረት በውሰት አይሰጥም» የሚል መመሪያ መኖሩ ተነገረኝ። ሊያቃጥሉት ያሰቡት ዕቃ በእኛ እጅ እንዳይጎዳ መጠንቀቅዎ ለንብረት ያለዎትን ፍቅር ያሳያል።

አማቴ ይህን ስነግራቸው አልተቆጡም። «ልጄ፣ ተኮሰ ወይስ አልተኮሰም? እሱን ብቻ ጠይቅልኝ፤ ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉት» አሉኝ። እኔ ግን እንደ እርሳቸው ቸር አይደለሁም። ቀዩ ወረቀት ከሁሉም ላይ እንዲነሣ፣ ለዋንጫዎቹ ሌላ ማረፊያ እንዲፈለግላቸው፣ ሁለተኛው ክፍልም ከፊታችን ቅዳሜ በፊት እንዲሰጠን እጠይቃለሁ። እባክዎን ማኅተሙን አይጨምሩበት፤ አማቴ የሽፍታውን ጣት ማየት ይፈልጋሉ።

ፊልምን በድምፁ ብቻ ሳይሆን በዝምታውም ለሚመረምረው ትጋትዎ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ምላሽዎ ከመመሪያዎ ቀድሞ እንዲደርሰኝ የምጠባበቅ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ፖንግሳን፣ ከወንዝ ዳር ሠፈር

ማሳሰቢያ፦ ሲዲው ካልመጣ አማቴ መጨረሻውን ራሳቸው ፈጥረው ቅዳሜ ማታ በገዳሙ ግቢ ሊናገሩ ወስነዋል፤ አበምኔቱም ፈቅደዋል፤ ሠፈሩም ተጠርቷል። በእርሳቸው ታሪክ ሽፍታው አይተኩስም። ነገር ግን ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ቁም ሣጥን ቆልፎ የሚዞር አንድ ሹም አዲስ ገብቷል፤ አሟሟቱም ገና አልተቆረጠም። አጎት ታዊ አዞ ይብላው ይላል፤ አማቴ «አዞው ምን በደለ?» እያሉ ይሟገታሉ። የተሻለ ሐሳብ ካለዎት እስከ ዓርብ ይላኩልን።