ስለ ቀጠፏቸው የዱባ አበቦች

ውድ እማማ አገርነሽ፣

እንደምን ሰነበቱ? መነጽርዎን ያድርጉና ይህን ብቻዎን ያንብቡት፤ ለጎረቤት አያስነብቡት። ፊት ለፊት ብናገር ቁጣ ይቀድመኝ ነበርና ጻፍሁልዎ።

ፍልሰታ ሲፈታ ከአንበሳሜ እኛ ዘንድ ባሕር ዳር መጥተው፣ ጓሮ የዘራሁትን ዱባ አዩት። እግራቸው ቀጫጭን የሆኑትን አበቦች አንድ በአንድ ቀጥፈው፣ "እነዚህ ፍሬ አይዙ፣ ውሃውን ይጨርሱታል እንጂ" ብለው ለጎረቤት ላም ሰጡ። ምሳ ላይ ደግሞ እኔው ወጥ እየጨመርሁልዎ፣ ባሌን፣ ልጅዎን ዳኘውን፣ "ከማትወልድ ጋር ዕድሜህን አትጨርስ። ይፋግ ያየሁልህ ልጅ አለች፤ ለመስቀል መልስህን ልስማ" አሉት። እሱ አንገቱን ደፋ። እኔም እንግዳ ናቸው ብዬ ቡና ላፈላ ተነሣሁ።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ ዱባዎቼ አውራ ጣት ሳያህሉ ቢጫ እየሆኑ ረገፉ። ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ለእርስዎም ልንገርዎ። ዱባ ሁለት ዓይነት አበባ አለው። የቀጠፉት ወንዴው ነው፤ መካከሉ ላይ የቆመችው ዘንግ ቢጫ ዱቄት አለባት። ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ይዛ ነው የምትወጣ፤ መካከሏ ላይ የሚያጣብቅ አፍ አላት። ያ የሚያምረው ቢጫ ቅጠል ንብ መጥሪያ ነው። ንቧ እንደ ሽማግሌ ከወንዴው ቤት ወደ ሴቴዋ ስትመላለስ ዱቄቱን ታደርስላታለች። ዱቄቱ በአፏ ቁልቁል ወርዶ በትንሿ ዱባ ውስጥ ያሉትን እንቁላሎች ሲያገኝ ዘር ይሆናሉ፤ ዱባውም ያድጋል። ካላገኘ ይረግፋል። አጥር ጥግ አንድ ወንዴ አበባ ተርፎ አገኘሁና ዱቄቱን በጣቴ ወስጄ ለአንዷ ሴቴ ቀባሁላት። እሷ ብቻ ያዘች። እማማ፣ የቀሩት የረገፉት መካን ሆነው አይደለም።

ሐኪም ቤት ብቻዬን ሄጃለሁ። ሐኪሟ እኔ ላይ ምንም አላገኘችም፤ "ባልሽም ይምጣ" አለችኝ። ዳኘው ግን "እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች?" እያለ ዛሬ ነገ ይላል። ሐኪም አይፈራም፤ የሚፈራው እርስዎን ነው። ችግሩ እሱ ጋ ቢገኝም ጥዬው አልሄድም፤ እወደዋለሁ። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባል የለ? ታዲያ ወቀሳው ለምን ለእኔ ብቻ ይሆናል?

ባለፈው ዓመት ወንዛዬ ፍል ውሃ ጀርባዎን እያሸሁልዎ የነገሩኝን አልረሳሁትም። ዳኘውን እስኪወልዱ ድረስ አማትዎ በሰው ፊት "ልጄ በቅሎ አገባብኝ" ይሉ ነበር። እንስራዎን ይዘው ወንዝ ዳር ሲያለቅሱ፣ አንድ ሰው እንኳ "ተዉአት" አላለልዎም። ይህን ሲነግሩኝ አብሬዎት አለቀስሁ።

የመስቀሉን መልስ ከእኔ ይስሙ፤ ከቤቴ አልወጣም። ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለን። እሑድ ለዳኘው ይደውሉለትና "ከሚስትህ ጋር ሂድ" ይበሉት። ለእርስዎ ማንም ያላለውን፣ እርስዎ ለእኔ ይበሉልኝ።

አክባሪዎ፣ ምራትዎ
ዜማ