የሩት ኮምፒውተርና የእኔ አቡጀዲ

አቃቂ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለብዙወርቅ፣ ድሬዳዋ

ብዙዬ፣ የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እህትሽስ ከነቤተሰቧ ደህና ናት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የክር ፋብሪካ ሲሚንቶ ላይ የቆመ ጉልበት ነው፣ ያጉረመርማል እንጂ አይለግምም።

ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልክ የምታነሺው ለሩት ነው። እኔ የደወልኩ እንደሆነ ገና ሰላም ሳንባባል ድምፄ ከፍ ይላል፣ አንቺም ትዘጊዋለሽ፤ አልፈርድብሽም። ወረቀት ላይ መጮኽ አይቻልም። ይህን የምሰጠው ለጎረቤታችን ለከባድ መኪና ሾፌሩ ለፈየራ ነው፤ ሰኞ ጭነት ይዞ ወደ እናንተ ይወርዳል። ከሄድሽ ሁለት ዓመት ሊሞላሽ ነው። የዚያን የሚዜዎች ቀሚስ ነገር ላነሳ ነው የተቀመጥኩት፤ መጀመሪያ ላይ ልጽፈው ሞክሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። አስቀድሜ የልጅሽን ጉድ ላውራሽ።

ሩት ትሠራበት የነበረው የንድፍ ቢሮ መዘጋቱን ነግራሻለች። ባለፈው ወር አንድ ድርጅት፣ "አንድ የመኖሪያ ቤት በኮምፒውተር ነድፈሽ፣ ውስጡንም ውጪውንም እንደ ፎቶ አድርገሽ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ላኪልን፤ ከወደድነው እንቀጥርሻለን" አላት። ኮምፒውተር ግን የላትም፤ የምትሠራበት የቢሮው ነበር። ያጠራቀመቻትን አወጣች፣ እኔም ዕቁቤ ወጥቶልኝ ስለነበር ጨመርኩላት። "እንግዲህ ሱቅ ገብተሽ አንዱን ግዢ" ስላት ሳቀችብኝ። በዚህ ብር የሚገኘው ደብዳቤ መጻፊያ ነው፣ ለእኔ ሥራ አይሆንም አለች። "ዕቃውን ለየብቻ መርጬ ራሴ እገጥመዋለሁ።"

ራሴ እገጥመዋለሁ! ልጅ ሆና የመሣሪያ ሳጥኔን ስትነካ እጇን መታ የማደርጋት ልጅ።

ዝርዝሩን ባለካሬ ደብተር ላይ ጻፈችው። የሚያስበው ፕሮሰሰር፣ ሥዕሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ፣ ማሽኑ በእጁ የያዘውን ሥራ የሚዘረጋበት ራም፣ ሁሉም የሚሰኩበት ማዘርቦርድ፣ ለሁሉም መብራት የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ። ነገሩ እንደ አጭር ብርድ ልብስ ነው፤ ወደ ራስሽ ስትስቢው እግርሽ ይራቆታል። ካርዱን ከፍ ስታደርግ ለፕሮሰሰሩ ብር ያጥራል፤ ሌላ ፕሮሰሰር ስትመርጥ ደግሞ ማዘርቦርዱ አይቀበለውም። ሁለት ቀን ስትጽፍና ስትሰርዝ ዋለች። ለካ አንዱ ዕቃ ውድ ስለሆነ ብቻ አይሠራም፣ ከጎኑ ካለው ጋር መስማማት አለበት። ይህንን እንኳ አውቃለሁ፤ በማሽን ማለቴ ነው፣ በትዳር አልሆነልኝም።

ከዚያ መርካቶ ወሰደችኝ። አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናዕማ የምትባል ሴት አዲስም ያገለገለም ዕቃ ትሸጣለች። ሱቋ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጪ ቆሞ ነው የሚያወራው።

"አባባ፣ መዳፍዎን ይዘርጉ" አለችኝና ፕሮሰሰሩን አስቀመጠችልኝ። ከአንድ ብስኩት አይበልጥም። ከሥሩ ወርቃማ ነጠብጣብ ሞልቶታል። "እዚህ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ማብሪያ ማጥፊያ አለ" አለች፣ ዋጋ እንደምትናገር ሁሉ ቀለል አድርጋ።

"ማን ቆጠረው?" አልኳት።

ሩት አፈረችብኝ። ናዕማ ግን፣ "እውነትዎን እኮ ነው አባባ! እኔም ስድስት ዓመት ስሸጠው እስካሁን አላመንኩም" አለች።

ብዙዬ፣ እኔ ስጠግነው የኖርኩት የክር መፍተያ ከእኛ ቤት እስከ አስፋልቱ ይደርስ ነበር፤ ማብሪያ ማጥፊያው አሥራ ሁለት ነው፣ እሱንም አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። ይሄ ደግሞ በመዳፌ ላይ የትንኝ ያህል እንኳ ክብደት የለውም። እዚያው ሱቅ ውስጥ አማተብኩ። ሰው ይህን ያህል ካሳነሰ፣ ሰውን የፈጠረውማ ምን ይሳነዋል ብዬ ደነገጥኩ። ደስ የሚል ድንጋጤ ነው፤ እንዲህ የደነገጥኩት ሩት ተወልዳ ጥፍሮቿን ያየሁ ቀን ነበር።

አንድ ነገር ግን አላማረኝም። ከዝርዝሩ ሁሉ ትንሽ ብር የመደበችው ለፓወር ሰፕላዩ ነው። "እሱ የትኛውም ይሆናል አባዬ" አለችኝ። የትኛውም ይሆናል ተብሎ ስንት ሞተር ሲነድ አይቻለሁ። ናዕማን ሁለት አስወጣኋትና በሁለት እጄ መዘንኳቸው። የተጻፈባቸው ቁጥር አንድ ነው፤ ርካሹ ግን እንደ ባዶ ጣሳ ቀለለኝ። "ይሄ ሆዱ ባዶ ነው" አልኩ። "የሰፈራችን መብራት ሄዶ ሲመለስ አንድ ቀን ልጄን ያስለቅሳታል።"

ናዕማ ከት ብላ ሳቀች። "ሰማሽ ሩት? እኔ ልነግርሽ ስል አባትሽ ቀደሙኝ። ከባዱን ውሰጂ።"

ሩት ቀና ብላ አየችኝ። ከሄድሽ ወዲህ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ለከባዱ የሚሆን ብር እንዲገኝ ከሁለቱ ራሞች አንዱን ተወችው። ማዘርቦርዱ ላይ አንድ ቦታ ክፍት ቀረ።

አዲስ ግራፊክስ ካርድ መግዛት የማይታሰብ ነው። ጉዲሳ የሚባል ሰው የጌም ቤቱን ዘግቶ ዕቃውን ይሸጥ ስለነበር፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ድረስ ሄዳ ሁለት ሰዓት ስትፈትነው ቆይታ ከእሱ ገዛች።

ቅዳሜ ጠዋት ገጠመችው። የእኔ ሥራ ባትሪ ማብራት ነበር። "አባዬ፣ አብራ እንጂ አትንካ" ተባልኩ፣ እኔ! ዕቃ ከማንሳቷ በፊት ብረት ትነካለች፣ ሰውነቷ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ እንዳይጎዳው። ብሎኑን እስኪይዝ ታጠብቃለች እንጂ አታስጨንቀውም። ይህን ማን አስተማራት? እኔ አላስተማርኳትም። ቁልፉን ስትጫን መጀመሪያ ጸጥ አለ። ከዚያ ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑም በራ። የነደፈችውን ቤት ከፍታ በጣቷ ስታዞረው ጣሪያው፣ ጓሮው፣ ደረጃው አብሮ ዞረ። "ስንት ሰዓት ይሁንልህ?" አለችኝ። "ጠዋት አንድ ሰዓት" አልኩ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተነጠፈች። ብዙዬ፣ ፀሐይን በቁልፍ! ወንበሬን ይዤ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

አሁን ወደ እኔ ጉድ መጣሁ።

እሑድ ሩት ሳሪስ አቦ ለማስቀደስ ሄደች። እኔና ማሽኑ ብቻችንን ቀረን። ከፊት ለፊቱ አየር የሚስብበት ወንፊት አለው። በደጃችን የሚያልፈውን የጭነት መኪና አቧራ ታውቂዋለሽ። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይገድል የነበረው የጥጥ ብናኝ ነው፤ ብናኝ የገባበትን ማሽን ስጠርግ ነው ያረጀሁት። ታዲያ ይህን የመሰለ ነገር ለአቧራ ልተወው? ከጨርቅ ሳጥንሽ አቡጀዲ አወጣሁ፣ አጥፌ ድርብ አደረግሁት፣ የፊቱን ክዳን ነቅዬ ከውስጥ በኩል በማጣበቂያ አስተካክዬ ለጠፍኩት። ከውጪ አይታይም። ኮርቼ ሻይ ጠጣሁበት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚባለው እኔን ነው።

ስትነድፍ ምንም አልሆነም። ረቡዕ ዕለት ንድፉን እንደ ፎቶ አድርጎ እንዲያወጣላት ስታዘው፣ ከባዱ ሥራ እሱ ነው፣ ግማሽ ላይ ድርግም ብሎ ጠፋ። ደግማ ሞከረች፣ ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜም ጠፋ። "በጣም ይግላል፤ ያለቀለት ካርድ ነው የሸጠልኝ" ብላ ለጉዲሳ ደውላ አታላይ አለችው። ሦስት ቀን ነው የቀራት።

ጉዲሳ ከገላን ተቆጥቶ መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ "እህቴ፣ እኔ ሌባ አይደለሁም። በዓይንሽ አይተሽ፣ ፈትነሽ ነው የወሰድሽው። ካልፈለግሽው ብርሽ ይኸው፣ ካርዱን መልሺልኝ" አላት። ካርዱ ከሄደ ሥራውም ሄደ።

እኔ ጥግ ቆሜያለሁ። የኮምፒውተሩን ሳጥን ጎን በመዳፌ ነክቼው ነበር፤ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ይነዳል። አየር ያጠረው ማሽን ይጠፋኛል መሰለሽ? ያሳጠርኩበት እኔ እንደሆንኩ ያኔውኑ አውቄያለሁ። አፌ ግን ምን ሊል እንደተሰናዳ ልንገርሽ። "ያገለገለ ዕቃ ድሮም እንዲህ ነው" ሊል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

ያኔ ሩት ለስለስ ብላ፣ "ወይስ ስገጥመው እኔ አበላሽቼው ይሆን? እጄ ይሆናል" አለች። ሁለት እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው።

አንቺም እንዲሁ ነበር ያየሻቸው።

"እጅሽ አይደለም" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። "ጉዲሳም አልበደለም። እኔ ነኝ።" ክዳኑን ነቅዬ አቡጀዲውን ገሽልጬ አሳየኋቸው።

ሩት ጨርቁን ተቀብላ አገላበጠችውና፣ "አባዬ፣ ይሄ ነገር እኮ መተንፈስ አለበት" አለች። ከዚያ ሳቀች፣ ሳቁም ወደ ልቅሶ ሄደ። "ጥፋቱ የእኔ ነው ስትል ዛሬ ገና ሰማሁህ" አለችኝ። ጉዲሳን ይቅርታ ጠየቀችው፣ እኔም ጠየቅሁት። እሱም ብሩን ኪሱ ከትቶ፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ዛሬስ ሳያድር ጠራ" አለና ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ማሽኑ ሁለተኛ አልጠፋም። ሩት ንድፉን በቀኑ ላከችው፣ ትናንት ደውለው ከየካቲት አንድ ጀምሮ ሥራ ግቢ አሏት። እልል በይ!

የላከችውን ሥዕል አሳይታኛለች። ዓይኔ ነው እንጂ የሚያየው፣ ልቤ አላመነም፤ የእንጨቱ መስመር፣ የመጋረጃው እጥፋት ሳይቀር ይታያል። ፀሐይ በምትገባበት መስኮት ሥር አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፣ ጠረጴዛው ላይ የልብስ ስፌት ማሽን ተቀምጧል። "ይህን እነሱ አዘዙሽ?" አልኳት። "አላዘዙም" አለች። "እሱ የእማዬ ክፍል ነው።"

እንግዲህ ደረስኩ ብዙዬ።

ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ሚዜ ቀሚስ ተቀብለሽ ማሽኑ ክር አጠበቀ ስትዪኝ፣ ነካክቼ ሠራሁት ብዬ ሰጠሁሽ። ስፌት እየዘለለ ሐሩን ሲቦጫጭቅብሽ፣ በሰው ፊት፣ "ማሽኑ ደህና ነው፣ እጅሽ ነው የከዳሽ" አልኩሽ። ደንበኞችሽ ሰሙ፣ አንቺም አመንሽ፤ መርፌሽን ጥለሽ ወደ እህትሽ ሄድሽ። በሄድሽ በሳምንቱ ማሽኑን ከፈትኩት። ከሥሩ፣ ማጠንጠኛው ያለበትን ክፍል የምትይዘዋን ብሎን ሳላጠብቅ ነበር የዘጋሁት። አጠበቅኳት። ያው እሷ ብቻ ነበረች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይኸው ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። እዚያም መርፌ አልነካሽም አሉ፤ ይህን ስሰማ እንኳ ዝም አልኩ።

እጅሽ አልከዳሽም። የከዳሁሽ እኔ ነኝ። ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ተመለሺ አልልሽም፣ ለማለትም አፍ የለኝም። ማሽንሽ ግን ዘይት ጠጥቶ፣ ተወልውሎ መስኮቱ ሥር ነው። ከፈለግሽው በፈየራ መኪና እልክልሻለሁ፣ እንዳይነቃነቅ በብርድ ልብስ እጠቀልለዋለሁ። እዚሁ ይቆይ ካልሽም ይቆያል፣ ማንም አይነካውም፤ እኔም ጭምር።

እህትሽን ሳሚልኝ። የአቦ አምላክ ጤናሽን ይስጥሽ፣ በእጅሽ የያዝሽውን ሁሉ ይባርክልሽ።

ባልሽ
ገብረጻድቅ

ፖስታው ውስጥ ያለችው ቁራጭ ያው አቡጀዲው ናት። ዛሬ ጠዋት በማሽንሽ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ሰፍቼባታለሁ። ወደ ብርሃን አድርገሽ እያት። መስመሩ ጠማማ ነው፣ እሱ የእኔ እጅ ነው። ማሽኑ ግን አንድም ስፌት አልዘለለም።