እንደ እህቷ አባባል

ውድ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምልክበት አድራሻ እንደሌለ አውቃለሁ። ተማሪሽ መርማሪዋ ትናንት ስላንቺ ጠይቃኝ መልስ ሰጥቻታለሁ፤ የሰጠሁትን መልስ አንቺም ማወቅ ያለብሽ ስለመሰለኝ ነው የምጽፈው።

ስለ እኔ ብዙ የሚወራ የለም። ጠዋት እነሳለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ ሁለት ብርጭቆ አወርድና ያልተነካውን ጭምር አጥቤ እመልሳለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ባየችኝ ቁጥር «አንቺ ሴት አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ!» ትለኛለች። ምኑ እንደሚወጣልኝ አላውቅም። ጥርስ ሊነቀል ድድ በመርፌ ሲደነዝዝ፣ በምላስሽ ስትነኪው የሌላ ሰው ድድ ይመስልሻል አይደል? እኔም እንደዚያ ነኝ። አያመኝም።

ርዕሰ መምህሩ ቤት ድረስ መጥተው «አዲስ መምህር እስኪቀጠር ልጆቹን የሕይወት ታሪኩን ሥራ አንቺ አስጨርሻቸው። አጠገቧ ስታሠሪ ኖረሽ የለም እንዴ?» አሉኝ። የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ የያዝኩ ሴት እንጂ መምህር አይደለሁም ልላቸው አስቤ ነበር። አፌ ግን «እሺ» አለ።

ስለዚህ ልጆችሽ አሁንም ያንን ረጅም ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ዝናብ ሲመጣ ከመስኮቱ ሥር ያሉት እየተጋፉ ይሸሻሉ። ካርዶቹ በጫማ ካርቶኑ ውስጥ እንዳሉ ናቸው፤ በፊት ለፊታቸው እያንዳንዱ ልጅ ከታሪክ መርጦ ስለያዘው ባለታሪክ የተገኘው ነገር፣ በጀርባቸው «ማን አለ?»። ሁለት ምስክር ከሌለ፣ ያውም አንዱ ከሌላው ያልሰማ፣ እንደ እውነት አይጻፍም። ንግሥቲቱን የያዘው ቀልደኛው ልጅ «እጅግ ቆንጆ ነበረች» ብሎ ጻፈ።

«ማን አለ?» አለችው መርማሪዋ።

«ራሷ!»

«ራሷማ ትላለች!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም በሰዓቱ ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል።

መርማሪ የሚለውን ስም ያወጣሽላት አንቺ ነሽ፤ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው፣ ጥርሰ ፍንጭቷ ልጅ። እሷ የያዘችው ሐኪሟን ነበር። ከቀብርሽ በኋላ በነበረው ሳምንት ተነስታ «እኔ ሰው ቀይሬያለሁ» አለች።

«ማንን ያዝሽ?» አልኳት።

«ቲቸርን።»

«ቲቸር ታሪክ አይደለችም እኮ!» አለ ቀልደኛው።

«ሞታ የለ?» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ወይዘሮ ቁልፍ፣ ሰው ከሞተ በኋላ ታሪክ እስኪሆን ስንት ዓመት መጠበቅ አለበት?»

ልጆቹ ወይዘሮ ቁልፍ ነው የሚሉኝ፤ ታውቂዋለሽ። ደንብሽ ስለዚህ ምንም አይልም። «ቀጥዪ» አልኳት።

ቀጠለች። ዘበኛውን ጠየቀች፤ ምሳሽን ከድመቷ ጋር እንደምትካፈይ ነገራት፤ ልብስ ሰፊዋም ሳትጠየቅ ያንኑ ደገመችላት። ርዕሰ መምህሩ «ታታሪ ነበረች» ቢሏት «እሱን ስለ ሁሉም ሰው ይላሉ» ብላ ካርዱን ወደ ካርቶኑ ሳትከት ቀረች። የቀራት የልጅነትሽ ነገር ብቻ ነበር። እሱን የሚያውቅ ደግሞ ከእኔ በቀር በሕይወት ያለ ሰው የለም።

መጀመሪያ ስትመጣ መደርደሪያ እየጠረግኩ ነው አልኳት። ሁለተኛም መጣች፤ «ሌላ ጊዜ» አልኳት። እንቢ ማለቴ አልነበረም። ጥያቄዋን ስሰማ የመጽሐፍ ጀርባ ማንበብ እጀምራለሁ። ልጅቷም አልተቀየመችኝም። በካርዷ ላይ «እህቷ፦ ሌላ ጊዜ» ብላ ጽፋ ሄደች።

ትናንት የባለታሪኩ ወንበር ቀን ነበር። አንድ በአንድ እየተቀመጡ የያዙትን ሰው ሆነው መለሱ። ካርድ የሌለው ጥያቄ ሲመጣ «አላውቅም» ይላሉ፤ እንዳለማመድሻቸውም ለእያንዳንዱ «አላውቅም» ይጨበጨባል። መርማሪዋ ተራዋ ሲደርስ ጠመኔ ጆሮዋ ላይ ሰክታ መጣች። አንቺን አስመስላ ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። ልጆቹ ሳቁ።

«ቲቸር፣ ይሄን ‹ማን አለ› የሚባለውን ነገር ከየት አመጣሽው?» አላት ቀልደኛው።

ካርዶቿን አገላበጠች። «አላውቅም።»

አጨበጨቡ።

«እህት አለችሽ?»

«አለችኝ።»

«እሷስ ምን ዓይነት ሰው ናት?»

«አላውቅም። ስለ እሷ ምንም አላገኘሁም።»

ይህን ያለችው በአንቺ ቦታ ተቀምጣ፣ የአንቺ ጠመኔ ጆሮዋ ላይ ሆኖ ነው። አሁንም አጨበጨቡ። ልጆች ናቸው፣ ያስተማርሻቸውን ነው ያደረጉት። እኔ መስኮቱን ልዘጋ ተነሳሁ። መስኮቱ ዝግ ነበር።

ሁሉም ሲወጡ እሷ ካርዶቿን ልትሰበስብ ቀረች። «ባዶ ካርድ አምጪ» አልኳት።

ነገርኳት። አባታችን ሲታመም ከሁለት አንዳችን ቤት መዋል ነበረብንና እኔ ቀረሁ። አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ፣ ባለሱቁ ስኳር የጠቀለለበትን ቁራጭ ጋዜጣ እያስተካከልሽ ፊደል አስቆጠርሽኝ። የአንድ ካርታ ሠሪ ታሪክ የተገኘው ከእነዚያ ቁራጮች በአንዱ ላይ ነው። የወንዙን መነሻ ሊፈልግ ወጣ፣ ውሃው ዳር ደረሰ፣ እዚያ ላይ ወረቀቱ ተቀደደ። «ከዚያስ?» አልኩሽ። ከዚያማ ማዶ አሻገርሽው። በየምሽቱ ሌላ ተራራ ታስወጪዋለሽ፣ ሌላ አንበሳ ታስገድዪዋለሽ። ልብስ እያጠብኩ የማስበው ስለ እሱ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ሙሉውን ጽሑፍ በአሮጌ መጽሔት ላይ አግኝቼ አመጣሁልሽ። ሰውዬው ለካ ጭራሽ አልተሻገረም። ውሃው ሞልቶበት ተመለሰና በመንደሩ ሱቅ ከፈተ። ግድግዳ ይዘሽ ሳቅሽ። «ሱቅ? እኔ ስንት አንበሳ አስገድዬው!» ከዚያ ቀስ ብለሽ ተቀመጥሽና «ስንት ዓመት ዋሸሁሽ ማለት ነው» አልሽ። በቀጣዩ የትምህርት ዘመን የጫማውን ካርቶን ይዘሽ ክፍል ገባሽ።

ያኔ ያላልኩሽ ነገር አለ። ከእውነተኛው ያንቺው ይሻለኝ ነበር። ያ ሰውዬ ባይሻገርልኝ ኖሮ እኔ አባታችንን የማስታምምበትን ያን ጓዳ አልችለውም ነበር።

መርማሪዋ ጽፋ ጨረሰች። «ይሄን ሌላ ማን ያውቃል?» አለችኝ።

«እሷ።»

«እሷማ አትቆጠርም። ባለታሪኳ ናት።»

«ታዲያ ይቅር?»

«አይቀርም! አንድ ምስክር ብቻ ሲኖር ምን እንደሚባል ቲቸር ነግራናለች።» ከላይ «እንደ እህቷ አባባል» ብላ ጨመረች። ካርዱን ገልብጣ «ማን አለ?» የሚለው ጋ ስትደርስ እርሳሷን አንስታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ወይዘሮ ቁልፍ ብዬ ልጻፍ እንዴ? ስምዎትን አላውቀውም እኮ።»

ስሜን ነገርኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት ይመስለኛል፤ ኮሪደር ላይ የነበረው ዘበኛ «አቤት?» ብሎ በሩን ከፈተ።

ዛሬ ጠዋት ሻይ ሳፈላ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ለልጅቷ ስኳር ነው ያልኳት። ያ ወረቀት ግን ይሸት ነበር፤ ትራሴ ሥር አስቀምጬው የሚሸተኝ የሳሙና ሽታ ነበር። ስኳር ነበር ወይስ ሳሙና? «እትዬ!» ብዬ ወደ ክፍልሽ ዞርኩ፤ ጠርቼሽ ነበር፣ ድምፄን ሰማሁት። ይህን ከአንቺ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ብርጭቆዎቹን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው።

ሰኞ ለመርማሪዋ «ስኳር» የሚለውን እንድትሰርዘው እነግራታለሁ። ምን እንደተጠቀለለበት አላውቅም እላታለሁ፤ እነሱም ያጨበጭቡልኛል። የቀረውን ሁሉ አውቃለሁ። በጠየቀችኝ ጊዜ ሁሉ እነግራታለሁ፣ ሌላ ጊዜ አልላትም።

ድዴ አሁን መንቃት ጀምሯል መሰለኝ፣ እትዬ። ያመኛል።

አንዲቷ ምስክርሽ፣
እህትሽ