እኔን ያልሸሸገው ምስክርነትህ

ውዴ ማርቆስ፣

ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ አኩርፌህ ነው። የሞተ ሰው ይኮረፋል ወይ ብለህ ትስቅብኝ ነበር፣ ብትሰማኝ። እኔ ሚስትህ አኮርፋለሁ። ኩርፊያዬ ያለቀው ባለፈው ማክሰኞ ነው፤ እሱን ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ቤዛ አምስተኛ ክፍል ገባች። ስትራመድ እንደ አንተ ቀኝ ትከሻዋን ታስቀድማለች፣ ማንም አላስተማራትም። የጓሮው አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፈራ። ዝናቡ ያው የከተማችን የሚዛን ዝናብ ነው፤ የታጠበ ልብስ በሦስተኛው ቀንም አይደርቅም። ታሠለጥናቸው የነበሩት ልጆች አሁንም በማለዳ ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ይሮጣሉ፤ በሱቃችን በር ሲያልፉ እጃቸውን ያነሳሉ። ለአንተ እንደሆነ አውቃለሁ፣ በአንተ ፈንታ አነሳላቸዋለሁ።

ሰው ግን አፉ አያርፍም። ለሩጫ የተወጋው መርፌ ነው የገደለው ያለም አልጠፋ። ለማር ንግድ ወደ ቱም ከተማ ወርደህ ወባ ይዞህ መምጣትህን፣ ጭንቅላትህ ላይ ወጥቶ በአራት ቀን እንደነጠቀኝ ለጠየቀኝ ሁሉ ነግሬያለሁ። ላልጠየቀኝም ነግሬያለሁ።

አሁን ወደ ጉዳያችን ልግባ። ያ ዶክተር ነኝ ባይ ቤታችን የመጣው እግርህ ሕመም የጸናበት ዓመት ነበር። ሁለት ጊዜ በዓለም መድረክ ሜዳሊያ ያጠለቅክ ሯጭ ነህ፣ የከተማው ሕፃን ሁሉ ስምህን ይጠራል፤ ነገር ግን ወጣቶቹ ጀርባቸውን ሊያሳዩህ ጀምረው ነበር። ሰውዬው መርፌውን ቫይታሚን ነው አለን። እንዳልሆነ ሳምንት ሳይሞላ ሁለታችንም ገባን፤ ቫይታሚን በሹክሹክታ አይሰጥማ። እኔም ብልቃጦቹን ከሱቁ ፍሪጅ፣ ከለስላሳው ጠርሙስ ጀርባ ደበቅኩልህ።

ወሬው ሲነሳ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ወጣህ። በሰውነቴ ውስጥ ከጌታ ኃይል በቀር የገባ የለም ብለህ መሰከርክ፣ ጉባኤው አሜን አለ። እኔ በስልኬ ቀርጬ ለዘመድ ለወዳጅ ሁሉ ላክሁት። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ውሸት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በቪዲዮው ላይ ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው አሜን ደግሞ የእኔ ነው።

ነገሩ የተገለበጠው በዘነበች ነው። ከጌጫ ያመጣሃት፣ ነፋስ የምትቀድም ያልክላት ልጅ ልምምድ ላይ ወድቃ ሆስፒታል ገባች። ያ ሰውዬ ከአንተ ጀርባ እሷንም ሲወጋት ከርሟል። ያን ቀን ምሳህን ሳትነካ ተነስተህ እመሰክርበታለሁ አልክ። እኔ ከራስ በላይ ነፋስ ነው አልኩህ። የእሱን ተናገር፣ የራስህን ተው ብዬ ለመንኩህ። እውነት ተቆርሶ አይነገርም፣ ግማሹን ብናገር ማን ያምነኛል አልከኝ።

ሰውዬው ተከሶ አንተ ለምስክርነት ፍርድ ቤት የቀረብክ ዕለት ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ። ቀኝ እጅህን አንስተህ ማልክ፣ ከራስህ ጀመርክ፣ ወስጃለሁ አልክ። የሰውዬው ጠበቃ ያንን የእኔን ቪዲዮ ከፈተው። በእግዚአብሔር ቤት እንዲህ ያልክ ሰው ዛሬ በመሐላህ እንዴት ትታመናለህ ብሎ ጠየቀህ። የገዛ አሜኔ በችሎቱ ውስጥ ሲያስተጋባ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንተ አልተንተባተብክም። ያኔ ዋሽቻለሁ፣ ያ ንግግሬ ሜዳሊያዬን አቆየልኝ፤ የዛሬው ይወስድብኛል፤ የቱ እንደሚታመን ክቡር ፍርድ ቤቱ ይመዝን አልክ። ለመድረክ ስትሮጥ ብዙ ጊዜ አይቼሃለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼብህ አላውቅም። ኩራቴ ለአምስት ደቂቃ ያህል ቆየ።

ጠበቃው ሌላ ወጥመድ ነበረው። ይህ መድኃኒት ያለ ቅዝቃዜ ይበላሻል፤ ወሰድኩ በምትልበት ሰሞን ሚዛን ላይ መብራት ለቀናት ጠፍቶ ነበር፤ ስለዚህ ታሪክህ ፈጠራ ነው አለ። ሰው አጉረመረመ። ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀምጠው ጠበቁህ። መልሱን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። ዞር ብለህ አየኸኝ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ፤ እባክህ አትናገር ማለቴ ነበር። ዓይንህን ከእኔ ወደ ዳኛዋ መለስክ። ከዚያ ባለቤቴ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ እንስራ ውኃ ውስጥ ታኖረው ነበር፣ ቅቤም የምታቆየው እንደዚሁ ነው አልክ።

ችሎቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ታውቃለህ፣ ግን በአፌ አምኜልህ አላውቅም። ከአንተ ቀድሜ ሰፈር ደረስኩና ባሌ ራሱን ለማዳን ስሜን አነሳ፣ ዋሽቶብኛል ብዬ ለጎረቤት አወራሁ። የቤት ገመና አደባባይ ያወጣ ወንድ ብዬ ሰደብኩህ። ሰምተህ አንድም ቀን አልተሟገትከኝም። በሃያኛው ቀን ቱም ወረድክ። ሆስፒታል አልጋህ አጠገብ ላብህን እየጠረግኩ እንኳ እውነት ተናግረሃል የምትለዋን ቃል ከአፌ አላወጣሁም። ነገ እላለሁ ስል ነገ ሳይመጣ ቀረ። ይህ ያቃጥለኛል ማርቆስ፣ ዛሬም ያቃጥለኛል።

ወሬዬ ግን ጠበቃው ጆሮ ደርሷል። ሱቅ ድረስ መጣ፣ እህቴ እያለ በትሕትና አናገረኝ። የተከሳሽ ምስክር ሆነሽ ባልሽ እንደዋሸ ብትናገሪ ስምሽን ታጠሪያለሽ አለኝ። እውነቱን ካልኩ እኔም ልከሰስ እንደምችል አልደበቀኝም። መጥሪያው ሲደርሰኝ ቤዛን እያየሁ ብዙ አሰብኩ። ዋሽቷል የምትል አንዲት ቃል ብናገር ለእሷ እናት እተርፍላታለሁ። በዚያችው ቃል አባቷ ምሎ የዋሸ ሰው ይሆናል፤ ያ ሰውዬም ነፃ ወጥቶ ሌላ ዘነበችን ፍለጋ ይሄዳል።

ባለፈው ማክሰኞ አንተ በቆምክበት ቆሜ እጄን አነሳሁ። እንዴት እንደሚከብድ ያኔ ነው የገባኝ፤ አንተ እንዴት ሳትንቀጠቀጥ ቆምክ? ጠበቃው ፈገግ ብሎ ብልቃጥ በቅጠል ጠቅልለሽ ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። አዎን አልኩ። ቅጠሉን ከራሴ ጓሮ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ባሌ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፣ ለጎረቤት የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ዳኛዋ ለምን ዛሬ ብለው ጠየቁኝ። ክብርት ዳኛ፣ ባሌ በሕይወት እያለ ሌላ ምስክር አልነበረውም፣ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ዝም አልኩበት አልኳቸው። አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

ዓርብ ዕለት ሰውዬው ጥፋተኛ ተባለ። ዳኛዋ ፍርዱን ሲያነቡ፣ ምስክሩ የገዛ ሚስቱን እንኳ ለማዳን ከእውነት አልጎደለም ብለው ቃልህን ተቀበሉት። ዘነበች ከእናቷ ጋር መጥታ ነበር፤ ድናለች፣ መሮጥ ግን ገና ነው። ዐቃቤ ሕጉ የአንቺም ጉዳይ ይታያል ብሎኛል። ይታይ። አውቅ ነበር፣ ደብቄያለሁ፤ ሁለተኛ አልክድም።

ሜዳሊያዎችህን ወስደዋቸዋል። ቤዛ አድጋ አባቴ ምን አሸነፈ ብላ ስትጠይቀኝ ከሩጫው አልጀምርላትም። አንድ ቀን ፍርድ ቤት ቆሞ እኔን ለማዳን ውሸት ይበቃው ነበር፣ ይወደኝም ነበር፣ አልዋሸልኝም እላታለሁ። በሕይወት እያለህ ያልነገርኩህን ለእሷ እየነገርኩ እኖራለሁ።

ሚስትህ